ያልተሸነፈው ቡድን የመጨረሻ ምሳ

ሰው ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ ይናገራል። የእኔ ንስሐ አባት ግን ኳስ አይወዱም። አንድ ጊዜ ጀምሬላቸው ገና ከመሐል ሜዳ ሳላልፍ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ስለዚህ ለእናንተ ልናገርና ይውጣልኝ። ጉዳዩ የደቡብ ሱዳን ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታ አንድ የግራ ክንፍ ተጫዋች ሳይሰለፍ ቀርቷል። ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ኳስ መትቼ የጎረቤት መስኮት እንኳ ሰብሬ የማላውቅ ሰው።

ያኔ ጁባ፣ ሙኑኪ ውስጥ ምግብ ቤት ነበረችኝ። ስምንት ጠረጴዛ፣ አንድ ቴሌቪዥንና ከደንበኛው ሁሉ በላይ የሚጮህ አንድ ጄኔሬተር ነበሩኝ። ምግቡን የምትሠራው እትዬ ብርነሽ ነበረች፤ እጇ የሚጣፍጥ፣ አፏ የሚመር የጎንደር ሴት። የእኔ ሥራ ማውራት ነበር፤ በተለይ ስለ ኳስ። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ከሬዲዮ እየሰማሁ የአፍሪካ ብሔራዊ ቡድኖችን ውጤት የምጽፍበት ደብተር አለኝ። ለእያንዳንዱ ሀገር አንድ ገጽ ሰጥቼ፣ ማን ከማን፣ የት፣ ስንት ለስንት እያልኩ እመዘግባለሁ። ሌላው ሰው ድንበር ሲሻገር ወርቅ ይይዛል፣ የእናቱን ፎቶ ይይዛል፤ እኔ የያዝኩት ያንን ደብተር ነው። ደብተሩን ያየ ሁሉ “አዋቂ ነህ” ይለኛል። ሰው አዋቂ ነህ ሲለኝ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም፤ ከዚያም በላይ አውቃለሁ እላለሁ። መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው።

የደብተሩ ገጾች አብዛኞቹ ያሳዝናሉ። የራሳችን የኢትዮጵያ ገጽ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ምክንያቱም መጀመሪያው ደስ ይላል። በአባቶቻችን ዘመን አንድ ጊዜ ዋንጫ በላን፤ ከዚያ ወዲህ የበላነውን ስናመነዥክ ነው የኖርነው። ለአፍሪካ ዋንጫ ካለፍን እንኳ ያኔ ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረውም ነበር። ታሪክ ያለው ቡድን ደጋፊ መሆን ከባድ ነው። ልጅህ “መቼ ነው የምናሸንፈው?” ሲልህ “አሸንፈናል” ብለህ መልሰህ ወደ ሌላ ወሬ ትዞራለህ።

ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነጻ ሀገር ሆነች። የጁባ ጸሐይ እንደ እሳት ነበረች፤ ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ እየዘፈነ እያለቀሰ ዋለ። እኔም ማታ ቤቴ ገብቼ በደብተሬ መጨረሻ ላይ አዲስ ገጽ ከፈትኩና የሀገሪቱን ስም ጻፍኩ። የተጫወተው ባዶ፣ ያሸነፈው ባዶ፣ የተሸነፈው ባዶ። ያንን የመጨረሻውን ባዶ ለረጅም ጊዜ አየሁት። የትልልቆቹን ሀገሮች ገጽ ሁሉ ገለጥኩ፤ ያልተሸነፈ የለም። ተሸንፎ የማያውቅ ብሔራዊ ቡድን ያላት ሀገር በዚያች ምሽት በደብተሬ ውስጥ ይህች ብቻ ነበረች። የደቡብ ልጆች ከዚያ በፊት ኳስ አልነኩም ማለቴ አይደለም። በሌላ ባንዲራ ማሊያ ተጫውተዋል፤ በስደተኛ ካምፕ አቧራ ላይ በባዶ እግራቸው ተጫውተዋል። የዚያ ሁሉ መዝገብ ግን የለም። የመጀመሪያው መስመር የሚጻፈው በማግስቱ እሑድ፣ ከኬንያ ከመጣ ክለብ ጋር በሚደረገው ግጥሚያ ነበር።

የግራ ክንፉ ተጫዋች ቱት ይባላል። ከግቢዬ ጀርባ ካሉት ክፍሎች በአንዷ ይኖር ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በቤቴ በር ጎንበስ ሳይል አይገባም። ጋምቤላ ካምፕ አድጎ አዲስ አበባ ተምሯል። ኑዌርኛውን ከእናቱ፣ አማርኛውን ከእኛ፣ የጁባ ዓረብኛውን ቦዳቦዳ ከሚባለው የሞተር ታክሲ ነጂዎች ነው ያገኘው። ወደ ሀገሩ ሲመለስ ከኢትዮጵያ ይዞ የመጣው አንድ ሻንጣና ይሉኝታ ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ይላል፤ ሲያቀብሉት በሁለት እጁ ይቀበላል፤ እምቢ ማለት ሞት ነው ለእሱ። ሻንጣውን አንድ ቀን ከመኪና ላይ ሰረቁት፤ ይሉኝታውን የወሰደለት አልተገኘም።

ከአሥራ አንዱ ውስጥ መግባቱ በተነገረ ማግስት እናቱ እማማ ኛሩዋች ከምትኖርበት ሰፈር፣ ከሎሎጎ ድረስ በእግሯ መጣች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትቀመጥ እንኳ የቆመች የምትመስል ሴት ነች። አማርኛ ትችላለች፤ በካምፑ ኖራ ነው የለመደችው። ሻይ ሰጠኋት። ሻይዋን ሳትነካ ጠየቀችኝ።

“ስሙን ይጠራሉ ይላል ቱት። እውነት ነው?”

“እውነት ነው እማማ። አሥራ አንዱንም በድምፅ ማጉያ ይጠሯቸዋል፤ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ።”

“የአባቱንም?”

“የአባቱንም ይጠራሉ።”

“እኔ ስም በማጉያ ሲጠራ የማውቀው ለራሽን ነው” አለችኝ። “ማሽላ ለመውሰድ። ዘይት ለመውሰድ። ብዙ ዓመት። ለሌላ ነገር የልጄን ስም ሲጠሩ አልሰማሁም። እሑድ እመጣለሁ፣ እሰማለሁ፣ እሄዳለሁ። ኳሱን እናንተ እዩ።”

በኋላ ቱት እንደነገረኝ፣ ጦርነቱን ሸሽታ ወደ ኢትዮጵያ ስትነሳ አራት ልጆች ይዛ ነበር። ካምፑ ስትደርስ ሁለት ነበሩ። ሁለቱን ወንዶች በመንገድ ላይ ረሃብ ወሰዳቸው። ቱት በጀርባዋ ታዝሎ የነበረው ነው። ይህንን ሲነግረኝ ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገም፤ እኔ ግን ሻይ ይጨመርልህ ወይ አልኩት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በዚያ ሰሞን የጁባ ሆቴሎች ሁሉ በውጭ እንግዶች ተይዘው ስለነበር፣ ከተማ ውስጥ ቤት ያላቸው ተጫዋቾች እሑድ ምሳቸውን ቤታቸው በልተው ስምንት ሰዓት ላይ ስታዲየም እንዲገናኙ ተባለ። አሰልጣኙ ቅዳሜ ምግብ ቤቴ መጥቶ ቱትን አስጠራውና በጣቱ እየቆጠረ ነገረው።

“ሩዝ፣ ትንሽ። ሙዝ፣ አንድ። ካላስ።” በቃ ማለቱ ነው።

እኔ መሐል ገባሁ። የቱትን ምሳ ለእኔ እንዲተወው፣ ስለ ተጫዋች አመጋገብ ብዙ እንደማውቅ፣ ደብተርም እንዳለኝ ነገርኩት። ደብተሩን አምጥቼ አሳየሁት። አሰልጣኙ ደብተሩን አገላብጦ አይቶ፣ ከዚያ እኔን አይቶ “ማፊ ሙሽኪላ” አለ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ያ ሰው በሕይወቱ ብዙ የተሳሳተ አይመስለኝም፤ ያን ቀን ግን ተሳስቷል።

እሑድ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሩዙን ራሴ ለካሁት። አንድ ሙዝም መርጬ ከጎኑ አስቀመጥኩ። ቱት ታጥቦ፣ ጫማውን በላስቲክ ይዞ መጥቶ ተቀመጠ። እስከዚህ ድረስ ታሪክ ይመስክርልኝ፤ ሁሉም በሥርዓቱ ነበር። ያላሰብኩት ነገር ደንበኞቼ ሁሉ ሊሸኙት መምጣታቸው ነው። ቄራ ከሚሠራው እስከ ጎማ ጠጋኙ፣ በሙኑኪ ያለ የሀገሬ ሰው “የእኛ ልጅ” ለሀገሩ ሊጫወት ነው ብሎ ተሰብስቧል። እትዬ ብርነሽ ከጓዳ ወጥታ ሳህኑን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

“ይሄ ምንድነው?”

“ምሳው ነው።”

“ለበሽተኛ ነው ለተጫዋች?”

“አሰልጣኙ ያዘዘው ነው እትዬ።”

“አሰልጣኙ እናት የለውም?” አለችና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ጊዜው የሰኔ ጾም ነበር፤ ያ አብዛኞቻችን የቄሶች ነው እያልን የምናልፈው። እትዬ ብርነሽ ግን አታልፈውም። ቢሆንም ዓሣ በዚህ ጾም ይፈቀዳል የሚል አቋም ነበራት፤ ይህ አቋሟ ጁባ ከመጣችና የአባይን ዓሣ ከቀመሰች በኋላ ይበልጥ ጠንክሯል። በቃሪያ የተሠራ የዓሣ ጥብስ በትሪ ይዛ ወጣች፤ እጇን ታጥባለች። ጠቅልላ፣ አድቦልቡላ ወደ ቱት አፍ ዘረጋች። ቱት ወደ እኔ አየ። ከዚያ ይሉኝታው ያዘውና ብድግ ብሎ ጎረሰ።

አንድ ጉርሻ ያጣላል። ይህንን በሕግ መጽሐፍ አታገኙትም፤ ከሕግ ግን ይበልጣል። ስለዚህ ሁለተኛውን አጎረሰችው። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ዛሬ ይህንን አልጽፍም ነበር። ጄኔሬተሬን የሚጠግነው ተስፋዬ ግን ከወንበሩ ተነሳ።

“ጾመኛ ብቻ ነው እንዴ የሚያጎርሰው? እኛስ ሸኚዎች አይደለንም?”

ተስፋዬ ያዘዘው የሥጋ ጥብስ ነበር። በሁለት እጁ ጥብሱን በእንጀራ ጠቀለለው። ቱት “በቃኝ ጋሽ ተስፋዬ፣ ልሮጥ ነው” አለ። ተስፋዬም “ለዚህ እኮ ነው” አለው። ሁለት ጎረሰ። ከዚያ ነገሩ የሁለት ወገን ፉክክር ሆነ። የጾመኛው ጠረጴዛ አንድ ሰው ሲልክ የፍስኩ ጠረጴዛ አንድ ይልካል። ማንም ከማን አያንስም። አንዱ “ለጎሉ ነው” ይላል፤ ሌላው “ለባንዲራው” ይላል። ቱት እያንዳንዱን ብድግ ብሎ፣ እጆቹን ከአገጩ ሥር ዘርግቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ይጎርሳል። ጉርሻና ፍቅር ካላስጨነቀ አያምርም ይባላል። ያን ቀን በጣም አምሮ ነበር።

እኔ ምን አደረግሁ? ቆጠርኩ። ልማድ ሆኖብኝ ጥግ ቆሜ ቆጠርኩ። ያጎረሱት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ሙሉ ቡድን። ሁለት ሁለት ሲሆን ሃያ ሁለት። ማስቆም ይገባኝ ነበር፤ አሰልጣኙ አደራ የሰጠው ለእኔ ነው። አሥራ አንደኛው ሰው ሲቀመጥ ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የቤቱ ባለቤት ነኝ፤ ቱት ጋሼ የሚለው እኔን ነው፤ ሳላጎርሰው ቢሄድ ምን እባላለሁ? ይሉኝታ የቱት ብቻ በሽታ አልነበረም።

ታጠብኩ። ከዓሣውም ከጥብሱም ቀላቀልኩ፤ ከሁለቱም ወገን እንዳልጣላ። ቱት ከቅርብ አየኝ።

“ጋሼ፣ እውነት በቃኝ። መተንፈስ አቅቶኛል።”

“በሞቴ” አልኩት።

ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። በሞቴ ተብሎ እምቢ የሚል የእኛ ሀገር ልጅ የለም፤ በእኛ ሀገር ያደገም የለም። የኡጋንዳ ልጅ ቢሆን፣ የካርቱም ልጅ ቢሆን ስቆ ተነስቶ ይሄድ ነበር። ቱት አፉን ከፈተ። ከዚያም ሁለተኛውን፣ እንዳንጣላ ብዬ።

ለሦስት በአንድ ቦዳቦዳ ሄድን፤ ነጂው፣ ቱት፣ እኔ። ትልልቁ መንገድ ለእንግዶች መኪና ተዘግቶ ስለነበር ነጂው በጉድጓዱ መንገድ ይዞን ዞረ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ቱት ከፊቴ አንድ ድምፅ ያሰማል። “አይዞህ፣ ይወርዳል” እለዋለሁ። እሱ ዓይኑን ከመንገዱ አያነሳም።

ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ግንቡም ዛፉም ሰው ለብሷል። ተጫዋቾቹ ሰውነት ማሟሟቅ ጀመሩ። ቱት አሥራ አንድ ቁጥር ማሊያ ለብሶ ሲወጣ ለአፍታ ሁሉም የተቃና መሰለኝ። አንዴ ሮጠ። ሁለቴ ሮጠ። ሦስተኛው ላይ ቆመ፣ ጉልበቱን ያዘ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ከግንቡ ጀርባ ገባ። ሲመለስ አመድ መስሏል። አሰልጣኙ አጥሩ ዘንድ መጥቶ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ።

“ምን በላ?”

“ሩዝ” አልኩት።

“ሌላስ?”

“ሙዝ።”

ሁለቱም እውነት ነበሩ። የጎደሉት ሃያ አራት ጉርሻ ብቻ ናቸው። አሰልጣኙ ተመልሶ ሄዶ ለቱት አንድ ቃል ተናገረው። ቱት ማሊያውን አወለቀ። ሌላ ልጅ እየሮጠ መጥቶ ተቀብሎት ለበሰው። በባዶ ደረቱ ቆሞ ማሊያው ሲሄድ ያየበትን ዓይን እኔ አልረሳውም፤ ብረሳውም ግፍ ይሆንብኛል።

እማማ ኛሩዋች ከጠዋት ጀምራ መጥታ ተቀምጣ ነበር። ጥቁር ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ። ከጎኗ ቦታ ይዛልኛለች። ምንም ሳልናገር ተቀመጥኩ። ፈሪ ነኝ። አዲሱ መዝሙር ተዘመረ፤ ሕዝቡ ግጥሙን ገና በደንብ አልያዘውም፤ ያልያዘውን እያለቀሰ ሞላው። ከዚያ ድምፅ ማጉያው ተንኳኳና ስም መጠራት ጀመረ። እማማ ጃንጥላዋን አጠፈች። በየስሙ አንድ ጣት ታነሳለች። አሥር ጣቷ ሲያልቅ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የመጨረሻውን ጠበቀች። የመጨረሻው ስም የሌላ እናት ልጅ ነበር።

“አለቀ?” አለችኝ።

“አለቀ እማማ።”

ወደ እኔ ዞረች። “በራሽን ቀን ስም ሲዘለል ካርድ ይዘን ቢሮ እንሄዳለን። እዚህ የት ነው የሚኬደው?”

እዚያው ከጎኗ ነበርኩ፤ ቢሮው እኔ ነበርኩ። እኔ ግን ሜዳውን አየሁ። በዚህ መሐል ጨዋታው ተጀመረና ብዙም ሳይቆይ የእኛዎቹ አገቡ። “የእኛዎቹ” እንዳልኩ ልብ በሉልኝ። ስታዲየሙ ከመሬት የተነሳ መሰለኝ፤ የማላውቀው ሰው አቅፎኝ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። አንድ ለባዶ እየመራች ያለች፣ ተሸንፋ የማታውቅ ሀገር። ለጥቂት ደቂቃ ኃጢአቴንም ረሳሁት።

ከዚያ ኬንያዎቹ አንድ አገቡ። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ሦስተኛውን። እያንዳንዱ ኳስ በግራ በኩል የመጣ ይመስለኝ ነበር፤ በኋላ ሰው ሲነግረኝ እንደዚያ አልነበረም። ፊሽካው ሲነፋ ሦስት ለአንድ ነበር። ያልተሸነፈው ቡድን ዕድሜው ከሁለት ቀን አልበለጠም። ሕዝቡ ግን አልሄደም። ተሸንፎም ይዘፍናል። ዓለም አቀፉ የኳስ ማኅበር ሀገሪቱን ገና በአባልነት ስላልተቀበላት ጨዋታው አይቆጠርም የሚሉም ነበሩ። ለእኔ ግን ይቆጠራል። የአንድ ሀገር የመጀመሪያ መስመር ላይ የእኔ የእጅ አሻራ፣ ከነዘይቱ፣ አለበት።

እማማ ጃንጥላዋን ይዛ ስትነሳ ከፊቷ ቆምኩ።

“እማማ፣ ቱት ያልተጠራው በእኔ ጥፋት ነው።”

“ታመመ?”

“አልታመመም።”

“ተጣላ?”

“ከማንም አልተጣላም። እማማ፣ ምሳ ላይ አበላነው። ሁላችንም አጎረስነው። እኔም መጨረሻ ላይ በሞቴ ብዬ አጎረስኩት። ከልክ በላይ ጠግቦ መሮጥ አቃተው።”

ዓይኔን ትክ ብላ አየችው። የምቀልድባት መስሏት ነበር መሰለኝ። “ልጄ የቀረው ጠግቦ ነው?”

“ጠግቦ ነው።”

 በሰው መሐል ቀድማኝ ሄደች። ቱት ከግንቡ ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ጫማውን በክሩ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ራሱን ደፍቶ ነበር። እኔን ሲያይ ፊቱን አዞረ፤ ልክ ነው፣ እኔም ብሆን አዞራለሁ። እማማ ከፊቱ ቆማ በኑዌርኛ ተናገረችው። ረጅም አልነበረም። ቱት መጀመሪያ አልሰማ ያለ መሰለ። ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰ መስሎኝ ስቀርብ ሳይወድ እየሳቀ ነው፤ እንባውም ይወርዳል።

“ምን አለችህ?” አልኩት።

እንባውን ጠረገና ያን ቀን ከምሳ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገረኝ።

“ጋሼ፣ ‘ወንድሞችህን ረሃብ አስቀረብኝ፤ አንተን ያስቀረህ ጥጋብ ነው። ጥጋብ ያስቀረውን ልጅ ግን ይዤው ቤቴ እገባለሁ’ አለችኝ።”

እጇን ዘረጋችለት፣ ተነሳ። ሦስታችንም ከሚዘፍነው ሕዝብ መሐል ወጥተን ወደ ሎሎጎ በእግራችን ሄድን። ስለ ሦስት ለአንዱ ማንም አልተናገረም።